ጥያቄ ሳይኖር ጽሑፍ የለም፦ ለጋዜጣና ለመጽሔት መጣጥፍ የመጻፍ መመሪያ

ለጋዜጣ ወይም ለመጽሔት መጻፍ የጀመሩ ሰዎችን ምን እንደያዙ ስጠይቃቸው የሚነግሩኝ አብዛኛውን ጊዜ ርዕሰ ጉዳይ ነው። «ስለ እንቅልፍ ልጽፍ ነው» ይሉኛል፤ «ስለ ሥራ አጥነት አንድ ነገር አስቤያለሁ» ይሉኛል። «ስለ እንቅልፍ ምኑን?» ብዬ መልሼ ስጠይቅ ግን ብዙዎቹ ዝም ይላሉ። እዚያ ላይ ዝም ያለ ሰው ብዕሩን ገና አያንሳ። በእጁ ያለው ርዕሰ ጉዳይ እንጂ ጽሑፍ አይደለም። ጽሑፍ የሚወለደው አንዲት ጠበብ ያለች ጥያቄ ስትገኝ ነው፤ የሚነበበውን ሰነድ፣ የሚጠየቀውን ሰው፣ የሚቀረውንና የሚጣለውን አንቀጽ ሁሉ የምትወስነው እሷ ናት።

ነገሩ በደፈናው ሲነገር ስለማይጨበጥ አንድ ምሳሌ ይዤ ከመጀመሪያው ደረጃ እስከ መጨረሻው እሄዳለሁ፦ ሌሊት ስለሚሠሩ ነርሶች እንቅልፍ የሚጻፍ የመጽሔት መጣጥፍ።

1. ጥያቄዋን ማጥበብ

«እንቅልፍ» ወፍራም መጽሐፍ ይወጣዋል። «የጤና ባለሙያዎች እንቅልፍ» ጠበብ ብሏል፤ ግን አሁንም ጥያቄ አይደለም። «ሌሊት የምትሠራ ነርስ ቀን ላይ እንዴት ትተኛለች?» ሲባል ግን ወዴት መሄድ እንዳለባችሁ ወዲያው ይታያችኋል። ነርስ ትፈልጋላችሁ፤ የምትተኛበትን ክፍል ታያላችሁ፤ ቀን መተኛት ሰውነትን ምን እንደሚያደርገው የሚያውቅ ሐኪም ታናግራላችሁ፤ ፈረቃውን የሚያወጣውን ኃላፊ ትጠይቃላችሁ።

ጥያቄያችሁን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጽፋችሁ ማስታወሻ ደብተራችሁ ራስጌ ላይ አስፍሯት። ከዚያ በሦስት ነገር ፈትኗት። መልሱን ከወዲሁ ሙሉ በሙሉ የምታውቁት ከሆነ የምትጽፉት ስብከት ይሆናል፤ ለራሳችሁም አዲስ ነገር የምትነግራችሁን ጥያቄ ፈልጉ። መልሱን የሚያውቅና ልታገኙት የምትችሉት ሰው ከሌለ፣ ጥያቄዋ ጥሩ ብትሆንም ለጊዜው የእናንተ አይደለችም። ሦስተኛውን አዘጋጁ ራሱ ይጠይቃችኋል፦ ለምን አሁን? አዲስ ጥናት ወጥቶ፣ ሕግ ተሻሽሎ ወይም ወቅቱ ደርሶ ሊሆን ይችላል። ለወርኃዊ መጽሔት ግን «አሁን» ማለት ዛሬ ማለት አይደለም። ብዙ የኅትመት መጽሔቶች እትማቸውን ከወራት በፊት ስለሚያቅዱ ለአንድ ወቅት የሚሆንን ጽሑፍ ወቅቱ ሊገባ ሲል ይዞ መድረስ ከንቱ ድካም ነው። በዕለታዊ ጋዜጣ ደግሞ የዛሬ ሳምንት ትኩስ የነበረው ሐሳብ ዛሬ በርዶ ይጠብቃችኋል።

2. የት እንደሚወጣ ቀድሞ ማወቅ

ጽሑፉን ጨርሶ «የት ልላከው?» ማለት ልብስ ሰፍቶ ለባሽ እንደመፈለግ ነው። የመረጣችሁትን ጋዜጣ ወይም መጽሔት የቅርብ አምስት እትሞች ሰብስቡና ልኬት እንደሚወስድ ሰፊ እዩአቸው። እናንተ የምትፈልጉት ዓምድ ስንት ቃል ይይዛል? በግምት አትለፉት፤ ቁጠሩት። መግቢያው በሰው ታሪክ ይጀምራል ወይስ በዜና? በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ስንት ሰው ይናገራል? ባለፈው ዓመት የእናንተን ጥያቄ የሚመስል ነገር አውጥተዋል? አውጥተው ከሆነ ሌላ አቅጣጫ ፈልጉለት፤ አለዚያ ሌላ ቦታ ሂዱ።

የጽሑፉ ዓይነትም የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ዜና የሆነውን ይናገራል፤ ሐተታ ለምን እንደሆነ ያብራራል፤ ፊቸር ጉዳዩን በሰው ሕይወት ውስጥ ያሳያል። የነርሷ ጽሑፍ ፊቸር ነው። አስተያየት ደግሞ ጸሐፊው በስሙ የሚሟገትበት ነው። ጀማሪዎች አስተያየትን ከርዕሰ አንቀጽ ጋር ሲያምታቱ አያለሁ። ርዕሰ አንቀጽ የጋዜጣው የራሱ አቋም ስለሆነ ከውጭ ጸሐፊ አይቀበሉትም። በእንግሊዝኛ ጋዜጦች «ኦፕ-ኤድ» የሚባለው የአስተያየት ገጽ ስሙን ያገኘው ከርዕሰ አንቀጹ ገጽ ትይዩ በመቀመጡ ነው፤ ኒው ዮርክ ታይምስ ይህን ገጹን የከፈተው እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1970 ነበር። እንዲህ ያለ ገጽ ብዙ ጊዜ የሚቀበለው ከ600 እስከ 800 ቃል የሚደርስ ጽሑፍ ነው። ይህ መጠን ለአንድ ሐሳብ ብቻ ይበቃል፤ ሁለት ካላችሁ አንዱን ለሌላ ጊዜ አቆዩት።

3. ለአዘጋጁ ደብዳቤ መጻፍ

አስተያየት ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የሚላከው ያለቀው ጽሑፍ ነው። ለፊቸርና ለሐተታ ግን ቀድሞ የሚላከው ሐሳቡ ነው፤ አዘጋጁ ሐሳቡን ወዶት አቅጣጫውን ሊለውጠው ይችላልና ድካማችሁን ይቆጥብላችኋል። ለነርሷ ጽሑፍ እኔ የምልከው እንዲህ ያለ ነው፦

«ሌሊት የሚሠሩ ነርሶች ጠዋት ቤታቸው ሲገቡ ሥራቸው ያልቃል፤ እንቅልፋቸው ግን ቶሎ አይጀምርም። ልጆች አሉ፣ ጎረቤት አለ፣ ፀሐይ አለ። ሦስት ነርሶች ቀን ላይ ለመተኛት የሚያደርጉትን ትግል የሚያሳይ የ1,500 ቃል ፊቸር ለጤና ዓምዳችሁ ላቀርብ እፈልጋለሁ። ሁለቱ ሊያናግሩኝ ተስማምተዋል። የእንቅልፍ ሕክምና ባለሙያና የአንድ ሆስፒታል የነርሶች ኃላፊም አነጋግራለሁ። ከተስማማችሁ በሦስት ሳምንት አስረክባለሁ።»

በደብዳቤው ውስጥ ጥያቄዋ አለች፤ የዓምዱ ስም፣ የቃላቱ ብዛት፣ ማን እንደሚናገርና መቼ እንደሚደርስ አለ። ስለራሳችሁ አንድ ሁለት ዐረፍተ ነገር ጨምሩ፤ ከዚህ በፊት ያሳተማችሁት ከሌለ ጉዳዩን በቅርብ ለምን እንደምታውቁት ንገሩት። አንድን ሐሳብ ሳትናገሩ ለሁለት አዘጋጆች በአንድ ጊዜ አትላኩ። ሁለቱም እሺ ካሉ አንዱን ማሳዘናችሁ አይቀርም።

አዘጋጁ ከተስማማ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት አራት ነገሮች በጽሑፍ ይገለጹላችሁ፦ የቃላት ብዛት፣ የማስረከቢያ ቀን፣ ክፍያውና የሚከፈልበት ጊዜ፣ የኅትመት መብቱ። የመጨረሻውን ብዙዎች ያልፉታል። የቅጂ መብትን የሚመለከተው ዓለም አቀፍ የበርን ስምምነት (እ.ኤ.አ. 1886) አባል በሆኑ አገሮች የጽሑፍ ሥራ ያለምዝገባ በቅጂ መብት የተጠበቀ ነው፤ ተቀጣሪ ያልሆነ ጸሐፊ ለመጽሔቱ የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ የማተም ፈቃድ ነው። ፈቃዱ ለአንድ ጊዜ ኅትመት ነው ወይስ ለዘላለም? በድረ ገጽም ይወጣል? በኋላ ጽሑፉን ወደ መጽሐፍ ልታሳድጉት ብትፈልጉ ትችላላችሁ? ውሉን ሳታነቡ አትፈርሙ።

4. መሰብሰብ

ሰው ከማናገራችሁ በፊት አንብቡ፤ አለዚያ በስንት ልመና የሰጧችሁን ግማሽ ሰዓት ከመጽሐፍ ልታገኙት በምትችሉት ነገር ታባክኑታላችሁ። ስታነቡ ግን ወደ መነሻው ሰነድ ሂዱ። ለምን እንደምል በራሳችን ምሳሌ ላሳያችሁ። በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው ዓለም አቀፍ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2007 የሌሊት ፈረቃ ሥራን «ካንሰር አምጪ ሳይሆን አይቀርም» በሚለው ምድብ 2ኤ ውስጥ አስገባው፤ በ2019 እንደገና መርምሮም ምድቡን አጸና። የሌላ ሰው ዜና ላይ ብቻ ተደግፎ የሚጽፍ ሰው ይህን «የሌሊት ሥራ ካንሰር ያስይዛል» ብሎ ያወጣዋል። ሰነዱ እንዲህ አይልም። ምድቡ የሚነግረን ማስረጃው ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ እንጂ አደጋው ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ አይደለም፤ ቀይ ሥጋም እዚያው ምድብ ውስጥ ይገኛል። ነገ ሌሊት ወደ ሥራዋ የምትሄደዋ ነርስ ጽሑፋችሁን ታነበዋለች። እሷን ባልተጣራ ነገር ማስደንገጥ በደል ነው።

ከሰነዱ በኋላ ሰው። ለአንድ ፊቸር ቢያንስ ሦስት ዓይነት ሰው እፈልጋለሁ፦ ነገሩን የሚኖረው፣ ነገሩን ያጠናው፣ በነገሩ ላይ የሚወስነው። አንዱ ከጎደለ ጽሑፉ ያነክሳል። በጽሑፉ የሚወቀስ ሰው ወይም መሥሪያ ቤት ካለ ወቀሳውን በዝርዝር ነግራችሁ ለመልስ የሚበቃ ጊዜ ስጡት። ማታ ደውሎ «ልናገኛቸው አልቻልንም» ብሎ ማተም መልስ መጠየቅ አይባልም።

ለቃለ መጠይቁ ጥያቄዎቻችሁን ጽፋችሁ ሂዱ፤ እዚያ ስትደርሱ ግን ወረቀቱን አትዩ፤ ሰውየውን እዩ። «ቀን ላይ እንቅልፍ ይከብድዎታል?» ብትሏት «አዎ፣ በጣም» ትላችኋለች፤ በዚህ መልስ ምንም መሥራት አትችሉም። «ትናንት ጠዋት ቤት ከገቡ ጀምሮ ያደረጉትን በቅደም ተከተል ይንገሩኝ» በሏት። ያን ጊዜ መስኮቱ ላይ ከመጋረጃው ሌላ ብርድ ልብስ እንደሰቀለች፣ ስልኳን ማዕድ ቤት ትታ እንደምትተኛ፣ ልጆቿ ከትምህርት ቤት ሲመጡ በር ሳያንኳኩ መግባት እንደለመዱ ልትነግራችሁ ትችላለች። ብርድ ልብሱን ስትሰሙ አትለፉት፤ «ምን ዓይነት ብርድ ልብስ ነው? ከመቼ ጀምሮ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሷን ስትጨርስ ደግሞ ጥቂት ዝም በሉ። ሰው ዝምታውን ሊሞላ ሲል ከሁሉ የሚበልጠውን ነገር የሚናገርበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ወደሚቀጥለው ጥያቄ የሚሮጥ ጸሐፊ ግን ያ ያመልጠዋል።

ድምፅ የምትቀዱ ከሆነ አስፈቅዱ፤ እየቀዳችሁም ማስታወሻ ያዙ፤ መሣሪያ ይከዳል። ስሟ እንዳይጠቀስ ከፈለገች ስምምነቱ መደረግ ያለበት ከመናገሯ በፊት ነው፦ ስሟ ብቻ ነው የሚቀረው? የሆስፒታሉስ ስም? ቃል ከገባችሁ ጠብቁት፤ ለአዘጋጁ ግን ማን እንደሆነች ልትነግሩ እንደምትችሉ አስቀድማ ትወቅ። ከቤቷ እንደወጣችሁ በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ የሆነ ቦታ ተቀምጣችሁ ያያችሁትን ሁሉ ጻፉ። የክፍሉ ሽታ፣ የግድግዳው ቀለም፣ የእጇ አኳኋን በማግስቱ ይጠፋሉ።

5. አጥንቱን ማቆም

ዜና የሚዋቀረው በተገለበጠ ፒራሚድ ነው፦ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት የሚሉት መልሶች ላይኛው ክፍል ላይ ይሰፍራሉ፤ ዝርዝሩ ወደ ታች እየቀለለ ይሄዳል። ቦታ ሲጠብ አዘጋጁ ከሥሩ ይቆርጣል፤ ቸኩሎ የሚያነብ ሰውም የትም ቢያቆም ዋናውን ይዟል።

ፊቸር እንዲህ አይሠራም፤ መጨረሻው እንደ መጀመሪያው ክብደት አለው። በአንድ ትዕይንት ይጀምራል፤ ሦስተኛው ወይም አራተኛው አንቀጽ ላይ ቆም ብሎ ይህ ታሪክ ለምን እንደሚነገርና ምን ያህል ሰው እንደሚነካ ይናገራል፤ ከዚያ ወደ ሰዎቹ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1946 ኒው ዮርከር መጽሔት አንድ ሙሉ እትሙን በአቶሚክ ቦምብ ስለወደመችው የጃፓን ከተማ ስለ ሂሮሺማ አሜሪካዊው ጋዜጠኛ ጆን ኸርሲ ለጻፈው አንድ ጽሑፍ ሰጠ። ኸርሲ የአንድ ከተማን ጥፋት በሟቾች ቁጥር አልጀመረም። ከፍንዳታው የተረፉ 6 ሰዎችን መረጠ፤ ቦምቡ በፈነዳበት ቅጽበት እያንዳንዳቸው ምን ያደርጉ እንደነበር በመናገር ጀመረ። ትልቁ ነገር ወደ አንባቢው የገባው በእነዚያ ተራ ድርጊቶች በኩል ነው። የእናንተም ሦስት ነርሶች ሥራቸው ይኸው ነው።

6. መግቢያውን መጻፍ

በረቂቆች ላይ ደጋግሜ የማየው መግቢያ ይህን ይመስላል፦ «እንቅልፍ ለሰው ልጅ ጤንነት እጅግ አስፈላጊ ከሆኑ ነገሮች አንዱ መሆኑ ይታወቃል።» የሚታወቅ ከሆነ ለምን ይጻፋል? ይህን ተመልከቱ፦

«ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ ሌላው ሰው ወደ ሥራው ሲወጣ፣ እሷ ጫማዋን እያወለቀች ነው። መስኮቱ ላይ ከመጋረጃው በላይ ቡናማ ብርድ ልብስ ተሰቅሏል። ስልኳ ማዕድ ቤት ነው። ሰባት ሰዓት ላይ ልጆቿ ከትምህርት ቤት ይመጣሉ፤ እስከዚያ መተኛት አለባት።»

ስለ እንቅልፍ ጥቅም አንድም ቃል የለበትም። አንባቢው ግን ከሁለት እስከ ሰባት ያለውን ሰዓት በልቡ ቆጥሮ፣ አምስት ሰዓት እንደማይበቃ ራሱ ይደርስበታል።

7. ዐረፍተ ነገሩ

አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ስለዚህ ዐረፍተ ነገሩ በረዘመ ቁጥር አንባቢው ምን እንደሆነ ሳያውቅ ብዙ ቃል ተሸክሞ ይሄዳል። እዩት፦ «በሌሊት ፈረቃ ተመድበው በማገልገል ላይ የሚገኙ ነርሶች በቂ እንቅልፍ የማግኘት ችግር ያለባቸው ከመሆኑ ጋር በተያያዘ በሥራቸው ላይ ስህተት የመፈጸም ዕድላቸው ከፍ ሊል እንደሚችል ተገልጿል።» 24 ቃል ነው፤ መጨረሻው ላይ ስንደርስም ማን እንደገለጸው አናውቅም። «ተገልጿል»፣ «ተጠቁሟል»፣ «ተመልክቷል» የሚሉት ግሶች ተናጋሪውን ይሸሽጋሉ። እንዲህ ይሻላል፦ «ሌሊት የሚሠሩ ነርሶች እንቅልፍ ያንሳቸዋል። የሆስፒታሉ የነርሶች ኃላፊ እንደሚሉት እንቅልፍ ያነሰው ሰው ይበልጥ ይሳሳታል።» «ክትትል ማድረግ» ያላችሁትንም «መከታተል»፣ «ውይይት ማካሄድ» ያላችሁትን «መወያየት» አድርጉት።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ከልብ የሚያሳስበኝ ነው። ከላይ ያሉትን ምሳሌዎች መልሳችሁ እዩ። ነርሷ «እሷ» ተብላለች፤ ኃላፊዋ ግን «እንደሚሉት» ተብለዋል። ሁለቱ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ጎን ለጎን ሲወጡ ጸሐፊው ሳያስበው ሰውን በሥልጣን መዝኖ አንዱን አንቱ፣ ሌላውን አንቺ ብሏል። ሐኪሙ «አሉ»፣ ጽዳት ሠራተኛዋ «አለች» ተብሎ ሲታተም ስንት ጊዜ አንብበናል! የምትጽፉለት ጋዜጣ የአጻጻፍ ደንብ ካለው ተከተሉት፤ ከሌለው አንዱን ምረጡና ለሁሉም አዋቂ ሰው እኩል ተጠቀሙበት።

8. ማጣራት

ኒው ዮርከር እ.ኤ.አ. በ1927 ስለ አንዲት ባለቅኔ ስህተት የበዛበት ጽሑፍ ካወጣ በኋላ ነው እውነታ አጣሪዎችን መመደብ የጀመረው። እናንተ አጣሪ ከሌላችሁ ራሳችሁ ሁኑ። ረቂቁን በወረቀት አትሙና ስም፣ ዕድሜ፣ ማዕረግ፣ ቀን፣ ቁጥርና ጥቅስ በሆነ ቃል ሁሉ ሥር አስምሩ። ከዚያ እያንዳንዱን ከማስታወሻችሁ ወይም ከሰነዱ ጋር አስተያዩና ምልክት አድርጉበት። ዓመተ ምሕረቱ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ እዩ። ከ10 በመቶ ወደ 15 በመቶ ያደገ ነገር «በ5 በመቶ ጨመረ» አይባልም፤ ጭማሪው 5 የመቶኛ ነጥብ ነው፤ ከነበረበት አንጻር ሲሰላ ደግሞ 50 በመቶ ነው።

ስምን ሰውየው ራሱ እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ። በ«ጸ» ነው በ«ፀ»? በ«ሠ» ነው በ«ሰ»? አንድ ጊዜ ስለ አንድ ሟች አናጢ ጽፌ የአባታቸውን ስም አሳሳትኩ። ባለቤታቸው ለዘመድ የሚያድሏቸውን አሥር ቅጂዎች ገዝተው ነበር። ሲደውሉልኝ አልተቆጡም። «ልጆቹ እንዲያስቀምጡት ብዬ ነበር» ብቻ ነው ያሉኝ። እርማቱ በሚቀጥለው እትም ወጣ፤ እነዚያን አሥር ቅጂዎች ግን አያርማቸውም።

በጥቅስ ውስጥ ያልተባለ ነገር አታስገቡ፤ ሁለት ሰውን አንድ አድርጋችሁም አትሳሉ። እ.ኤ.አ. በ1980 ዋሽንግተን ፖስት ያወጣው የአንድ የ8 ዓመት የሄሮይን ሱሰኛ ልጅ ታሪክ በ1981 ታላቁን የአሜሪካ የጋዜጠኝነት ሽልማት፣ ፑሊትዘርን፣ አገኘ። ልጁ በእውነት የሌለ፣ በጸሐፊዋ የተፈጠረ መሆኑ ሲታወቅ ሽልማቱ ተመለሰ።

9. መቁረጥና መላክ

ረቂቁን ቢያንስ አንድ ሌሊት አሳድሩት። በማግስቱ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡት፤ ትንፋሽ ያጠራችሁ ቦታ ላይ ዐረፍተ ነገሩ ረዝሟል። የመጀመሪያውን አንቀጽ ሸፍናችሁ ከሁለተኛው ጀምሩ፤ ምንም ካልጎደለ የመጀመሪያው መሰናበቻው ደርሷል። ከዚያ ደብተራችሁን ገልጣችሁ ጥያቄዋን አንብቡና እያንዳንዱን አንቀጽ በእሷ መዝኑ። ስለ ሕልም ያገኛችሁት ድንቅ ነገር ነርሷ እንዴት እንደምትተኛ ካልነገረን ይውጣ። 1,500 ቃል ከተባላችሁ 1,900 አትላኩ። እናንተ ያልቆረጣችሁትን አዘጋጁ ይቆርጠዋል፤ የሚቆርጠው ደግሞ የምትወዱትን ሊሆን ይችላል።

ከጽሑፉ ጋር ያነጋገራችኋቸውን ሰዎች ስልክ ለአዘጋጁ ብቻ በሚሆን ገጽ ላኩ፤ ፎቶ ካለ ማን እንደሚታይበትና ማን እንዳነሣው ጻፉ። አዘጋጁ ጥያቄ ሲልክላችሁ ቶሎ መልሱ። ያረመውን ሁሉ መቀበል የለባችሁም፤ ትርጉም የለወጠ እርማት ካያችሁ በምክንያት ተናገሩ፤ ቃል ብቻ የለወጠ ከሆነ ልቀቁት። ሐሳባችሁን ልካችሁ በሁለት ሳምንት መልስ ካጣችሁ አንድ ጊዜ በአጭሩ አስታውሱት። አዘጋጁ አይሆንም ካላችሁ ደብዳቤውን ለሌላው ዓምድ እንዲስማማ አድርጋችሁ እንደገና ጻፉት እንጂ ያንኑ ቅጂ አታዙሩ።

ሲታተም ስህተት ከተገኘ አንባቢ እስኪደውል አትጠብቁ፤ ለአዘጋጁ ራሳችሁ ነግራችሁ እርማት እንዲወጣ ጠይቁ። ላነጋገራችኋቸው ሰዎች ሁሉ አንድ አንድ ቅጂ አድርሱ። ነርሷን ግን ጠዋት አትደውሉላት፤ ተኝታለች። ከሰባት ሰዓት በኋላ ይሁን።